ማይኩ እኔ ጋ ሲደርስ ያልተባለ ነገር

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ «አምስት ደቂቃ አለዎት፣ ለወጣቱ ምክር ይስጡልን» ብላችሁ ጠርታችሁኝ ነበር። ሦስት ሰዓት የተባለው ስብሰባ አራት ተኩል ላይ ተጀመረ። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ነበረ። ቀጥሎ የመክፈቻ ንግግር። ቀጥሎ ደግሞ ቁልፍ መልእክት የሚባል ሌላ የመክፈቻ ንግግር። ማይኩ እኔ ጋ ሲደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ግማሹ ሰው ለሻይ ወጥቷል፤ የቀረው አበል ይኖር ይሆን እያለ በር በሩን ያያል። እኔም «እደጉ፣ ተመንደጉ» ብዬ ቁጭ አልኩ።

ልል የነበረውን አሁን ልጻፈው። 31 ዓመት በከተማና በክልል ዕቅድ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ጡረታ ወጥቼ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ጉልበቴ ደረጃውን በየቀኑ ይረግመዋል።

ኔትወርክ ልናቋቁም ነው ስትሉኝ መጀመሪያ የስልኩ መስሎኝ ነበር። እሱም እኛ ሰፈር ይጠፋል። በኋላ ገባኝ። ከአምስት ብሎክ የተሰባሰባችሁ ልጆች፣ ከማዶ ከገላን ወጣቶች ጋር ልትተሳሰሩ ነው። ደስ አለኝ። ቅዳሜ ያየሁት ግን ትንሽ አሳሰበኝ። ባነር አላችሁ፣ ቲሸርት አላችሁ፣ የቴሌግራም ግሩፕ አላችሁ። ምን እንደምትጠይቁ ግን አልሰማሁም። ማንን፣ መቼ እንደምትጠይቁም እንዲሁ።

አንድ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ድሮ በአንድ ዳር ሰፈር ፕላን ላይ እሠራ ነበር። ከእርሻው አጠገብ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ አለ። ካርታው ላይ አረንጓዴ ቀባሁት። በኛ ሥራ አረንጓዴ ማለት ክፍት ቦታ ነው፤ ቤት አይሠራበትም። ለወጣቱ ትልቅ ነገር ያደረግኩ መስሎኝ ኮራሁ። ሜዳው ድረስ ወርጄ ልጆቹን ግን አንድም ቀን አላናገርኳቸውም። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያ ሳልፍ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ውስጡ ብሎኬት ይመረታል። ደጁ ላይ የቆመውን አንዱን ወጣት ጠየቅኩት። «ማዘር፣ የመንግሥት ቦታ ነው ተነሡ አሉን፤ ተነሣን» አለኝ።

የመንግሥት ቦታማ ነው። መጫወቻ እንዲሆን የተከለለውም በመንግሥት ፕላን ነው። ይህን የሚናገረው ወረቀት ግን እኔ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ልጆቹ ቢያዩት ኖሮ ቢያንስ «ይኸው ፕላኑ» ይሉ ነበር። እኔ አላሳየኋቸውም። እነሱም ሊጠይቁኝ አልመጡም፤ እንዲህ ያለ ወረቀት መኖሩን በምን ያውቃሉ?

ከዚያ ወዲህ «አሳታፊ ዕቅድ» ሲባል የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ስብሰባው የተጠራው ፕላኑ ከማለቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ ከሆነ እናንተ የተጠራችሁት ለጭብጨባ ነው።

ቀድሞ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ የማድረግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጹን ስልካችሁ ላይ ያዙት። መሰዳደቢያ ሳይሆን የደብዳቤ መግቢያ አድርጉት። ይህ ነገር ሲዘለል ምን እንደሚመጣ በኛው ዙሪያ አይተናል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ተቃውሞ አስነሣ። በ2008 ጥር ተሰረዘ። በመሀል ብዙ ወጣት ሞተ። እኔ በዚያ ፕላን ላይ አልሠራሁም። ግን ሙያዬ ነውና ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል።

የወጣት ፖሊሲውንስ አንብባችሁታል? የወጣው በ1996 ነው። ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባንጁል ላይ የጸደቀው የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ደግሞ እስከ 35 ይሄዳል። ለተባበሩት መንግሥታት ስታቲስቲክስ ወጣትነት 24 ላይ ያልቃል። ስለዚህ 30 ዓመት የሞላው ሰብሳቢያችሁ ኒውዮርክ ላይ ካለፈበት ቆይቷል፣ አዲስ አበባ ላይ ዘንድሮ አልፎበታል፣ ባንጁል ላይ ግን ገና ለጋ ነው። ቀልድ አይደለም። አንዱ ቢሮ በዕድሜ ይመልሳችኋል፣ ሌላው ይቀበላችኋል። መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ የአመራሩን ዕድሜና የሥልጣን ዘመን አሁኑኑ ቁረጡት። ፀጉሩ የሸበተ የወጣት ማኅበር ሊቀመንበር በዓይኔ አይቻለሁ።

ፖሊሲው ወጣቱ በተደራጀ መልክ እንዲሳተፍና ከውጤቱም በፍትሐዊነት እንዲጠቀም ይላል። «በተደራጀ መልክ» የምትለዋን ብዙ ቢሮ ወዷታል። ስም ዝርዝር፣ ማኅተም፣ ሰብሳቢ፣ አለቀ። «እንዲጠቀም» የምትለዋን የሚያነሣ ያንሳል። እሷን ያዙ።

ደግሞ በሩ ላይ በተጻፈው ስም አትተማመኑ። በ1998 የወጣቶችና ስፖርት ሚኒስቴር ነበረን። በ2003 የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሆነ። በ2014 የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሲባል «ወጣት» የሚለው ቃል ከታፔላው ወረደ። ሥራው አለ፣ ስሙ ነው የሄደው። ታች ያሉት ቢሮዎችም ይቀያየራሉ፤ ያኔ ፋይል ይጠፋል። ስለዚህ ደብዳቤ ስታስገቡ በሁለት ኮፒ ይሁን። መዝገብ ቤት አስገቡና የገቢ ቁጥርና ቀን ቀሪው ላይ አስመቱ። ቀሪው ከናንተ ጋር ይኑር። «ለሰውዬው በእጁ ሰጥተነዋል» የሚባል ነገር የለም። ሰውዬው ይዛወራል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ መቼ ትጠይቃላችሁ?

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሐምሌ ላይ ግን ሁሉም ነገር ተበልቷል። በኔ ልምድ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ መረቀቅ የሚጀምረው ከየካቲት አካባቢ ነው። ያኔ ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ ባዶ ሠንጠረዥ ከፍቶ ምን ልሙላበት ይላል። እውነቴን ነው፣ እኔም እንደዚያ ብያለሁ። ብዙ ጊዜ ያለፈውን ዓመት ኮፒ አድርጌ ቁጥር ጨምሬበታለሁ። በዚያ ሳምንት አንድ ሰው መጥቶ «ከአስፋልቱ እስከ ብሎክ 40 ድረስ መብራት የለም፣ ይህን ያህል ሜትር ነው፣ ይህን ያህል ሰው ማታ ይሄድበታል» ቢለኝ አቅፌ እስመው ነበር። ሠንጠረዡን ሞላልኝ ማለት እኮ ነው። ወጣቶቹ ግን የሚመጡት ሰኔ ላይ ነበር። ሰኔ ላይ ቢሮው ሁሉ በጀት ለመዝጋት ይራወጣል። ለናንተ ሥልጠና ተብሎ አዳራሽ የሚከራየው ሰኔ 20 ከሆነ ለምን እንደሆነ ራሳችሁ ገምቱ።

«ይህን ያህል ሰው» ያልኩትን አትለፉት። ከባዱ ሥራ እሱ ነው። እኛ ዳር ሰፈር የምንኖር ሰዎች ወረቀት ላይ የለንም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ሰው ነበራት። ሌላ ቆጠራ እስከ ዛሬ አልተካሄደም። እነዚህ ብሎኮች ያኔ አልነበሩም፤ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት መሬት ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥራችን የሚሰላው በግምት ነው።

መታወቂያው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እዚህ ከሚኖረው ስንቱ ተከራይ ነው? መታወቂያው ግን አራት ኪሎ፣ መርካቶ፣ ጉለሌ፣ ወይም ክፍለ ሀገር ነው። መሸኛ አላመጣም። መሸኛ ቢያመጣም አከራዩ ውል መፈረም አይፈልግም። በሥራ ፈላጊነት ለመመዝገብ ወረዳ ሲሄድ «የዚህ ነዋሪ አይደለህም» ይሉታል። የቀድሞ ወረዳው ሲሄድ ደግሞ «እዚህ የለህም»። ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ ቢኖረውም ማን እንደሆነ ነው የሚነግርለት፤ የትኛው ወረዳ ዕቅድ ውስጥ እንደሚቆጠር አይደለም። ወረዳው 200 ወጣት አለኝ ብሎ ሲያቅድ በሩ ላይ ስንት እጥፍ እንደቆመ አያውቅም። ሠራተኞቹ ክፉ ሆነው አይደለም። የሌለ ስም አይታቀድለትም።

ስለዚህ ራሳችሁን ቁጠሩ። በብሎክ ሁለት ሁለት ልጅ መድቡ። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ተማሪ ነው ሠራተኛ ወይስ ሥራ ፈላጊ፣ መታወቂያው የት ነው፣ ጠዋት ታክሲ ስንት ደቂቃ ይጠብቃል። ይበቃል። ስም አትጻፉ፤ ስልክ አትሰብስቡ። ብሔርና ሃይማኖት በጭራሽ እንዳትጠይቁ፤ ወረቀቱ ነገ በማን እጅ እንደሚገባ አታውቁም።

ስትቆጥሩ ደግሞ ጀለሶቻችሁን ብቻ እንዳትቆጥሩ። ቤት ውስጥ ያለችው የቤት ሠራተኛ 17 ዓመቷ ነው። ያላለቀው ሕንፃ ውስጥ ከሲሚንቶው ጋር የሚያድረው ጥበቃ 22 ነው። በቆሎ ጠብሳ የምትሸጠዋም እንዲሁ። ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ አንዳቸውንም አላየሁም። ሴቶቹም ጥቂት ነበሩ። ስብሰባችሁ ማታ 12 ተኩል ከሆነ በዚያ ጨለማ ማን ይመጣል? ሰዓቱን ቀይሩት።

ከገላን ልጆች ጋር መተሳሰራችሁን ከሁሉም በላይ የወደድኩት ነው። እዚህ አዲስ አበባ ነው፤ ማዶ ሸገር ከተማ ነው። ሁለት አስተዳደር፣ ሁለት በጀት፣ ሁለት የሥራ ቋንቋ። ታክሲው ግን አንድ ነው። ወንዙም አንድ ነው። አቃቂ ከላይ ከከተማው የተሸከመውን ይዞ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ። እዚህ የተጣለ ፌስታል ታች ያለው ገበሬ ማሳ ላይ ነው የሚገኘው። ሁለቱ ወረዳዎች በዚህ ጉዳይ ለመነጋገር ደብዳቤ ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና መውረድ አለበት። እናንተ ግን ድንጋይ ተሻግራችሁ መገናኘት ትችላላችሁ። አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ በአንድ ሳምንት፣ በሁለቱም በኩል ይግባ። እዚህ በአማርኛ፣ እዚያ በአፋን ኦሮሞ። ቃለ ጉባኤያችሁም በሁለቱም ቋንቋ ይጻፍ። ጊዜ ይፈጃል፤ ይፍጅ። «እነሱ ይተረጉሙልናል» ካላችሁ ኔትወርኩ በሦስት ወር የአንድ ወገን ይሆናል።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። በ2009 መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲያቋቁም ለብድር ብቻ የተሰባሰቡ ቡድኖች አይቻለሁ። ብሩ ሲገባ ተጣሉ። እንደ ማኅበር ለመመዝገብ ግን መንገዱ ከድሮው ሰፍቷል። የ2001ዱ አዋጅ 621 በመብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ እንዳያገኝ ያስር ነበር። በ2011 በአዋጅ 1113 ተተክቷል። ይህ ደስ ይላል፤ ግን አትቸኩሉ። መጀመሪያ እርስ በርሳችሁ ስድስት ወር እቁብ ጣሉ። ዕጣ የደረሰው ቀጥሎ የሚጠፋ ከሆነ ሳይረፍድ ታውቁታላችሁ።

በሉ እንግዲህ። ቤቴ ባለ 50 ሜትር መለኪያ አለ፤ ከሥራ ቀርቶልኝ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አራት ሰዓት ላይ ብትመጡ ከአስፋልቱ ጀምረን ያንን ጨለማ መንገድ እንለካዋለን። ሜትሩን ለመያዝ ሁለት ሰው ይበቃል፤ ሌሎቻችሁ ደብተር ያዙ። ከገላንም ቢያንስ ሁለት ይምጡ፤ መንገዱ የሚያልቀው እነሱ ጋ ነው። ቀድማችሁ ደውሉ፤ ደረጃውን ቀስ ብዬ ነው የምወርደው።