ኪስ ገብ ካሜራ ስትገዙ ከካርቶኑ በፊት ሌንሱን አንብቡ

ስልክ በእጃችሁ እያለ ሌላ ትንሽ ካሜራ መግዛት የሚያዋጣችሁ በዋናነት ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ሩቅ ያለውን ሳይበላሽ ለማቅረብ። ልጃችሁ ስትመረቅ ከአዳራሹ የኋላ ወንበር ማንሳት፣ ከሜዳው ማዶ የሚሮጥ ተጫዋች፣ ቅርንጫፍ ላይ ያረፈች ወፍ። ለዚህ የሚያገለግለው ኦፕቲካል ዙም ነው፤ ሌንሱ ውስጥ ያሉት መስታወቶች ተንቀሳቅሰው ምስሉ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ወደ ፎቶ የሚቀይረው ክፍል) ላይ ከማረፉ በፊት ያጎሉታል። ዲጂታል ዙም ግን የፎቶውን መሃል ቆርጦ መለጠጥ ነው። ያንን ቤት ገብታችሁ በኮምፒውተር ልትሠሩት ትችላላችሁ፤ ገንዘብ አያስወጣም።

ሻጮች ሁለቱን አደባልቀው ይጽፋሉ። ኢንተርኔት ላይ በርካሽ የሚሸጡት «48 ሜጋፒክስል፣ 16 እጥፍ ዙም» የሚሉት ካሜራዎች አብዛኞቹ ሌንሳቸው ንቅንቅ አይልም፤ 16ቱ በሙሉ ዲጂታል ነው። ላለመሸወድ የሌንሱ ፊት ዙሪያ ላይ በደቃቅ የተጻፈውን፣ ሻጩ የለጠፈውን ፎቶ አጉልታችሁ አንብቡ። ካኖን ፓወርሾት ኤስኤክስ740 ላይ 4.3-172.0 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎም 1:3.3-6.9 ተጽፏል። ትልቁን ለትንሹ ስታካፍሉት፣ 172 ለ4.3፣ 40 ይወጣል፤ እውነተኛው ዙም 40 እጥፍ ነው ማለት ነው። ሚሊ ሜትሩ አንድ ቁጥር ብቻ ከሆነ ኦፕቲካል ዙም የለውም፤ እለፉት።

እጥፉ ግን ከየት እንደሚጀምር አይነግራችሁም። ዝርዝሩ ላይ «በ35 ሚሊ ሜትር ስሌት» የሚለውን ፈልጉ፤ የተለያዩ ካሜራዎችን እይታ በአንድ መለኪያ የሚያወዳድር ቁጥር ነው፣ ባነሰ መጠን ሰፊ ቦታ ይገባል። ከ24 የሚጀምር 10 እጥፍ 240 ላይ ያበቃል፣ ከ28 የሚጀምረው ደግሞ 280 ላይ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ቤተሰብ ሰብስቦ ለማንሳት ያቺ የ4 ልዩነት ዳር ላይ የቆመውን ሰው ታስገባለች ወይም ታስቀራለች። እኔ 24ን አስበልጣለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥንድ ቁጥር እንሂድ፤ ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። 3.3-6.9 የሚለው የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ዙሙን እስከ መጨረሻው ስታወጡ ቀዳዳው ከ3.3 ወደ 6.9 ይጠብባል፣ የሚገባውም ብርሃን ከመነሻው ሩብ በታች ይሆናል። ፀሐይ ላይ ግድ የለም። አዳራሽ ውስጥ ግን ካሜራው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ አይኤስኦውን (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለውን ትብነት) ሰቅሎ ፎቶውን አሸዋ የተበተነበት ማስመሰል፣ ወይ ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) አዘግይቶ ማደብዘዝ። ማረጋጊያው የሚያስተካክለው የእናንተን የእጅ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። የሚሮጥ ልጅ 1/500 ሰከንድ አካባቢ የሆነ ሹተር ይፈልጋል፤ እሱን ማረጋጊያ አያመጣውም።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄደው የሴንሰር መጠን ነው። ረጅም ዙም ያላቸው ኪስ ገቦች አብዛኞቹ 1/2.3 ኢንች የሚባለውን ሴንሰር ይይዛሉ፤ 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ከትንሿ ጣት ጥፍር ያንሳል። «1 ኢንች» የሚባለው 13.2 በ8.8 ነው፤ ስሙ 1 ኢንች ይበል እንጂ የትኛውም ጎኑ ኢንች አይሞላም። ያም ሆኖ ስፋቱ የመጀመሪያውን 4 እጥፍ ያህላል። ሴንሰር ሲሰፋ ሌንሱም መግዘፍ ስላለበት ትልቅ ሴንሰር፣ 40 እጥፍ ዙምና ጃኬት ኪስ የሚገባ አካል በአንድ ዕቃ አይገኙም።

ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። ቀን ቀን ወፍና ሩቅ ተራራ ለሚያነሳ ኤስኤክስ740 (24-960) ወይም ፓናሶኒክ ቲዜድ99 (24-720) ይበቃል። ሰርግ፣ ምርቃት፣ የማታ ከተማ ለሚያነሳ ባለ 1 ኢንቹ ፓናሶኒክ ቲዜድ200 (24-360) ወይም ሶኒ አርኤክስ100 ማርክ 7 (24-200) ይሻላል። አንድ ብቻ ግዙ ብባል ለአብዛኛው ሰው ቲዜድ200 እላለሁ፤ ዓይን የሚጠጋበት መመልከቻም ስላለው ረጅም ዙም ላይ ፊታችሁ ላይ ተደግፎ ይረጋል። በተዘረጋ እጅ ስክሪን እያዩ 360 ላይ ማንሳት ፎቶውን ያንቀጠቅጠዋል። ሰሜን አሜሪካ ያላችሁ ፓናሶኒኮቹን «ዜድኤስ» ብላችሁ ፈልጓቸው፤ ቲዜድ200 እዚያ ዜድኤስ200 ነው።

ከአገር አገር ለምትንቀሳቀሱ ልዩ ጥንቃቄ አለ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ሶኒዎች ርካሽ ሆነው ሲመጡ ብዙ ጊዜ ሜኑአቸው ጃፓንኛ ብቻ ነው፤ ከመክፈላችሁ በፊት የቋንቋ ገጹን ፎቶ ጠይቁ። ዋስትናው የሚሠራው የት አገር እንደሆነ አንብቡ። ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት ካለ መሰኪያ መቀየር ብቻ ይበቃችኋል። ቪዲዮው በመብራት ሥር ብልጭ ድርግም ካለ ካሜራው አልተበላሸም፤ መብራቱ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100፣ 60 በሆነበት 1/60 ወይም 1/120 አድርጉት።

ያገለገለ ስትገዙ ቆማችሁ ሞክሩ። አብሩት፣ ዙሙን እስከ ጫፍ አውጡ፣ መልሱ፤ አምስት ጊዜ ያህል። ድምፁ እኩል መሆን አለበት። የሚፋጭ ድምፅ ካሰማ ወይም መሃል ላይ ካመነታ የሌንሱ ቱቦ ውስጥ አሸዋ ገብቷል ወይም ወድቆ ያውቃል፤ ነገ «የሌንስ ስህተት» ብሎ ይቆማል፣ ጥገናውም ብዙ ጊዜ ከካሜራው ዋጋ ጋር ይፎካከራል። ቀጥሎ የብርሃን ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 (ቁጥሩን ወደ 8) አጥብቡ፣ ዙሙን ጨርሳችሁ አውጡና ነጭ ግድግዳ አንሱ። ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ስታዩ ጭጋጋማ ክብ ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አርፏል። ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ እንደ ወናፍ አየር ይስባል፣ ከአየሩ ጋር አቧራውም ይገባል፤ ሌንሱ ስለማይፈታ ደግሞ በእጅ አይጠረግም። በመጨረሻ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ፊት ለፊት አንሱ። ከአራቱ ማዕዘናት አንዱ ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ተጣሟል።

ካሜራው እጃችሁ እንደገባ መጀመሪያ ሜኑ ውስጥ ዲጂታል ዙሙን አጥፉ፤ አለዚያ ኦፕቲካሉ ሲያልቅ ሳታውቁት ይቀጥልበታል። ሚሞሪ ካርዱ ለ4ኬ ቪዲዮ «ቪ30» የሚል ምልክት ያለበት ይሁን፤ በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ይጽፋል ማለት ነው። ሐሰተኛ ካርድ ስለሚበዛ ከጉዞ በፊት ጢም እስኪል ፋይል ገልብጡበትና አንድ በአንድ ክፈቷቸው። 64 ጊጋ የተባለው 8 ከሆነ ከገለበጣችኋቸው ብዙዎቹ አይከፈቱም።