የቆየ በርገር ቤት ሂዱና ምጣዱ አጠገብ ቁሙ

የምግብ ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ቦታ፣ ስለ ዲዛይንና ስለ ማስታወቂያ ነው። ዕድሜዬን ኪችን ውስጥ ነው የጨረስኩት። ከዚያ ሁሉ የሚቀድም አንድ ምክር አለኝ። በአቅራቢያችሁ ለረጅም ዓመታት የቆየ ትንሽ በርገር ቤት ካለ ሂዱ። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ይሁን። ምጣዱ በሚታይበት በኩል ቁሙና ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ።

መጀመሪያ ሜኑውን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ ይህ ደግሞ ከአቅም ማነስ የመጣ አይደለም። የማክዶናልድ ወንድማማቾችን አስቡ። በ1940 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ የከፈቱት ቤት ዋና ምግቡ ባርቤኪው ነበር። ገበያው እየሄደላቸው ሳለ በ1948 ቤቱን ለጊዜው ዘጉና ሜኑውን ወደ ዘጠኝ ነገር አወረዱት። በርገሩን በ15 ሳንቲም መሸጥ ጀመሩ። ስለ ድርጅቱ ግዝፈት ሁሉም ሰው ያወራል። እኔን የሚደንቀኝ ግን መቀነሳቸው ነው። ሥራው እየሰመረ ቆም ብሎ መቀነስ ትልቅ ልብ ይጠይቃል። ጀማሪ ሰው መጨመር ይወዳል። አንዱ ደንበኛ “ፒዛ የላችሁም?” ሲል ፒዛ ይገባል፣ ሌላው ፓስታ ሲጠይቅ ፓስታ ይጨመራል። ብዙም ሳይቆይ ፍሪጁ በማይሸጥ ዕቃ ይሞላና ገንዘባችሁ እዚያው ይበላሻል።

አሁን ምጣዱን እዩ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሥጋው ብረቱ ላይ ሲያርፍ ጮክ ብሎ መንጫጫት አለበት። ብረቱ በደንብ ካልጋለ ሥጋው ውሃ ይለቅቃል፣ በራሱ ውሃ ይቀቀላል፣ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ውሃ እስካለ ድረስ የሥጋው ገጽ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ያ የምትወዱት ቡናማ ቅርፊት ደግሞ በደንብ የሚመጣው ወደ 140 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። የፕሮቲን ክፍሎችና ስኳር በሙቀት ሲገናኙ የሚፈጠር ለውጥ ነው፤ ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚል ማያር በ1912 ስለ ጻፈበት በስሙ ይጠራል። አንጋፋው ጠባሽ የማያርን ስም ላያውቅ ይችላል። ጆሮው ግን ድምፁን ያውቀዋል።

እጁንም ተከታተሉ። ሥጋውን የሚጫነው ገና እንዳስቀመጠው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቆይቶ የሚጫን ሰው ጭማቂውን እያፈሰሰ ነው። ጨው የሚነሰንሰውም ሊጠብስ ሲል ከላይ ነው። የተፈጨው ሥጋ ውስጥ ጨው ቀድሞ ከታሸ ፕሮቲኑ ይያያዝና በርገሩ እንደ ቋሊማ ጥጥር ይላል። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ብረቱን ይፍቃል፣ ይጠርጋል፣ እንደገና ይጀምራል። ደንበኛ ኖረም አልኖረም ያደርገዋል። እኔ ሠራተኛ ስቀጥር ከሁሉ በፊት የማየው ይህንን ነበር።

ስለ መብሰሉ አንድ ነገር በጥብቅ ልንገራችሁ። ሙሉ ሥጋ ላይ ባክቴሪያ የሚገኘው በአብዛኛው ከውጭ በኩል ነው። ሲፈጭ ግን የውጩ ከውስጡ ይደባለቃል። ስለዚህ በርገር መሃሉ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት። ቀለሙን አይታችሁ አትወስኑ፤ ቴርሞሜትር ግዙ። በዚህ ጉዳይ ድርድር የለም።

ከአሜሪካ አንጋፋ በርገር ቤቶች አንዱ በኮኔቲከት፣ ኒው ሄቨን የሚገኘው ሉዊስ ላንች ነው። በርገር መሸጥ የጀመርኩት በ1900 ነው ይላል። ሥጋውን እስከ ዛሬ የሚጠብሰው ሥጋውን አቁመው በሚይዙ አሮጌ የብረት መጥበሻዎች ነው። የሚያቀርበው በተጠበሰ ተራ ዳቦ ነው፤ ካቻፕ ብትጠይቁት የለም። “ደንበኛ ንጉሥ ነው” ሲባል ላደግን ሰዎች ይህ ይከብዳል። እናንተም ካቻፕ ከልክሉ እያልኩ አይደለም። ግን የቤታችሁ ምግብ የቱ እንደሆነ ሳትለዩ በር አትክፈቱ።

አይታችሁ ስትጨርሱ እዘዙ፣ ክፈሉ፣ በእርጋታ ብሉ። ወረፋ ከሌለ ጠባሹን በአክብሮት አንድ ጥያቄ ጠይቁት። የቅመሙን ምስጢር ተዉለት፣ ያ የእንጀራው ጉዳይ ነው። ዳቦው ከማን እንደሚመጣ፣ አቅራቢው አንድ ቀን ቢቀር ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። በሥራው የቆየ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ የሚያወራውም ከልቡ ነው።

ደግሞ ሌላ ቀን፣ ወረፋው በር ድረስ ሲደርስ፣ ተመለሱና ያንኑ በርገር እዘዙ። ጣዕሙ ያው ከሆነ ምጣዱ ላይ የቆመው ማን እንደሆነ እዩ። ሌላ ሰው ከሆነ አዲስ ልጅ ሲገባ ማን እንደሚያሠለጥነው፣ ምጣዱን ብቻውን እስኪይዝም ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ጠይቁ። መልሱን ጻፉት።