ፋየርዎሉን አያጥፉት

ጥያቄ፦ ቤቴ ያለኝ አንድ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ነው። ባንክ አይደለሁ፣ ድርጅት አይደለሁ፤ ሀከር እኔ ጋ ምን ሊያገኝ ይመጣል? አንዱ ጓደኛዬ ፋየርዎል ኢንተርኔት ስለሚያዘገይ አጥፋው ይለኛል። ሌላው ደግሞ የሚሸጠውን ገዝተህ ጫን ይላል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም አይስሙ። ፋየርዎል፣ ማለትም የትኛው የኔትወርክ ግንኙነት ወደ ኮምፒውተርዎ እንደሚገባ የሚቆጣጠር ፕሮግራም፣ ያስፈልግዎታል፤ ግን ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣው ይበቃል፣ ፍጥነት ላይም የሚታወቅ ለውጥ አያመጣም።

«እኔን ማን ይፈልገኛል» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ያዘናጋል። እርስዎን ብሎ የሚመጣ ሰው እኮ አያስፈልግም። ራሱን የሚያባዛ፣ ዎርም የሚባል ፕሮግራም የኢንተርኔት አድራሻዎችን ዝም ብሎ ሲያንኳኳ ይውላል፤ ክፍት ፖርት፣ ማለትም ግንኙነት የሚገባበት ባለቁጥር በር፣ እና ያልታደሰ ሲስተም ካገኘ ይገባል፣ የማንም ኮምፒውተር ይሁን ግድ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2003 ብላስተር የተባለው ዎርም የቤት ኮምፒውተሮችን ያመሰው እንዲህ ነው። ባለቤቱ ምንም ፋይል ሳይከፍት በፖርት 135 ይገባል፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ከ60 ሰከንድ ወደ ታች የሚቆጥር መልእክት ብቅ ይላል፣ ማሽኑም በራሱ ጠፍቶ ይነሳል። የሚያናድደው፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ያኔም ፋየርዎል ነበረው፤ ግን ጠፍቶ ነበር የሚመጣው። ማይክሮሶፍት ከመነሻው እንዲበራ ያደረገው በ2004 ሰርቪስ ፓክ 2 በተባለው አፕዴት ነው።

«ራውተር (ዋይፋይ የሚሰጠው ሳጥን) አለኝ አይደል?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ከውጭ ሳይጠራ የሚመጣው ግንኙነት አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ላይ ይቀራል። ከውስጥ የሚመጣውን ግን አያስቆምም። እዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ የቤተሰብ ኮምፒውተር ቫይረስ ከያዘው፣ በእሱና በእርስዎ መካከል የሚቆመው የላፕቶፕዎ ፋየርዎል ነው። በ2017 የተነሳው ዋናክራይ የተባለው ዎርምም አንድ ማሽን ከያዘ በኋላ በፖርት 445 እዚያው ኔትወርክ ላይ ወዳሉት ሌሎች ማሽኖች ይዘል ነበር። ደግሞም ላፕቶፕ ይዘው ይወጣሉ፤ የሆቴል ወይም የኤርፖርት ዋይፋይ ላይ ማን አብሮዎት እንዳለ አያውቁም። ስለዚህ ከቤት ውጭ ሲገናኙ ለኔትወርኩ ዓይነት ሁሌም «ፐብሊክ» (የሕዝብ) የሚለውን ይምረጡ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ፋየርዎል እርስዎ ራስዎ ያስገቡትን አይከለክልም። በኢሜይል የመጣ ፋይል ከፍተው ቫይረስ ከጫኑ፣ ወይም የውሸት ገጽ ላይ ፓስወርድ ከጻፉ፣ ግንኙነቱን የጀመሩት እርስዎ ስለሆኑ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ለዚያ አፕዴትና ጥንቃቄ ነው የሚያስፈልገው።

አሁኑኑ «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ»ን ከፍተው «ፋየርዎል ኤንድ ኔትወርክ ፕሮቴክሽን» የሚለው ውስጥ ይግቡና ዶሜይን፣ ፕራይቬት፣ ፐብሊክ በሚሉት ሦስቱም የኔትወርክ ዓይነቶች ላይ ፋየርዎሉ የበራ መሆኑን ይዩ። ጌም ወይም ፕሪንተር እምቢ ካለዎት፣ ብዙ ሰው ተናዶ ሁሉንም የሚያጠፋው ያኔ ነው፣ እዚያው ገጽ ላይ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ ይፍቀዱለት። የማያውቁት ፕሮግራም ፈቃድ ሲጠይቅዎት ደግሞ ይከልክሉት፤ የሚያስፈልግዎት ሆኖ ከተገኘ በኋላም መፍቀድ ይችላሉ።