ሪሌይ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት ባለሙያ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሲግናልን በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) ይዛ ቤቴ መጣች። የባህር ዳርን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከጣና የሚነሳው እርጥበት ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ልብስ ያሻግታል። ልጅቷ ዕቃውን በላስቲክ ጠቅልላ፣ በላዩ ነጠላዋን ደርባ፣ ባጃጅ ውስጥ ጭኗ ላይ አቅፋ ነው ያመጣችው። ገና ሳትናገር ወደድኳት።

«ጋሼ፣ ሪሌዩ ሞቷል። ባለ 5 ቮልት ነው። መርካቶ ድረስ አስፈልጌ አጣሁት» አለችኝ። ሪሌይ ማለት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ኮይሉ (ጥምጥም ሽቦው) ከረንት ሲያገኝ ኮንታክቶቹን (የሚነካኩትን ብረቶች) ያገናኛል ወይም ያላቅቃል።

«ከ5 ቮልቱ ሌላ ስለሱ ምን ታውቂያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ዝም አለች።

እኔም በእሷ ዕድሜ ብጠየቅ ዝም እል ነበር። የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

ሙያውን የተማርኩት ፖሊ (የባህር ዳር ፖሊቴክኒክ) ነው። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመ ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ በእኛ ጊዜም የሩሲያ መለኪያዎች ነበሩት። ውስጣቸው ያሉት ሪሌዮች ከስማቸው ሌላ የፓስፖርት ቁጥር የሚባል ነገር ተጽፎባቸዋል። ሁለት ሪሌዮች ስማቸው አንድ ሆኖ ፓስፖርታቸው ከተለያየ ኮይላቸውም ይለያያል። ይህን ገና ተማሪ ሳለሁ ነግረውኝ ነበር። ሰማሁ እንጂ አልያዝኩትም።

ሥራ ከጀመርኩ በኋላ አንድ መለኪያ ውስጥ ሁለት ሪሌዮች ሞቱብኝ። በላያቸው «ኦምሮን ጂ5ቪ-2-ኤች1፣ 5 ቮልት» ይላል። ብፈልግ ያገኘሁት ጂ5ቪ-2፣ 5 ቮልት ነው። መጠኑ ያው፣ ስምንቱ እግሮች ያው። ኤች1 የምትለዋ ጭራ ምን ታመጣለች ብዬ በየድኩት። ዕቃውን ሳበራው ሪሌዮቹ እንደ እሳት ላይ በቆሎ ተንጣጡ። ከኋላቸው ያለችውን ትንሽ ሬጉሌተር (ቮልቱን 5 ላይ የምትይዘውን) ብነካት ጣቴን ለበለበችኝ። ነገሩን የተረዳሁት ዳታሺቱን (የአምራቹን የመረጃ ወረቀት) ካገኘሁ በኋላ ነው። ባለ ኤች1ው ኮይል 166 ኦም ገደማ ነው፤ 30 ሚሊአምፔር ይበቃዋል። እኔ የከተትኩት 50 ኦም ነው፤ 100 ሚሊአምፔር ይጠጣል። ለሁለቱ 60 ይበቃ የነበረው 200 ሆነ። ሬጉሌተሯ ደግሞ 78ኤል05 ነበረች፤ አቅሟ 100 ነው። አንዲት ፊደል ናቅኩና ደህና የነበረውን ዕቃ ልገድል ደረስኩ።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት አውጡ። የኮይሉን ኦም ለኩና ጻፉ። ኮይሉ ተቃጥሎ ከሆነ ቦርዱ ላይ ወንድሙ አይጠፋም፤ የእሱን ለኩ። ቮልቱን ለኦሙ አካፍሉና የሚጠጣውን ከረንት ጻፉ። ቦርዱ ለየትኛው የኮይል እግር ፖዘቲቭ እንደሚልክ አረጋግጡ። ብዙዎቹ ትንንሽ ሪሌዮች ፖላሪቲ አላቸው፤ ከተገለበጠ አይነሱም። አንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ ከረንቱ ሲቋረጥም ባለበት የሚቀር ከሆነ ደግሞ ላቺንግ ነው። በእሱ ቦታ ተራውን ብትከቱ ቀጭ ይላል፣ ወዲያው ይለቃል።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ግን ስለ ኮንታክቱ ነው። እዚህ ከተማ መብራቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ስታቢላይዘር የሌለው ቤት ጥቂት ነው። የተበላሸ ስታቢላይዘር በየጥገና ቤቱ ተከምሯል። ሪሌይ ያጣ ልጅ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ክምር ነው። 10 አምፔር የሚችል ሪሌይ ለአንድ ሚሊአምፔር ምን ያንሰዋል ይላል። ያንሰዋል! የኃይል ሪሌይ ኮንታክት ብር ወይም የብር ቅይጥ ነው። ብር በጊዜ ብዛት ይጠቁራል። ትልቅ ከረንት ሲያልፍበት ያን ሽፋን በብልጭታ ይበሳዋል። በኦሲሎስኮፕ መግቢያ በኩል የሚያልፈው ሚሊቮልት ግን ሽፋኑን የሚበሳበት አቅም የለውም። ዕቃው አንድ ወር ይሠራል፣ ከዚያ ማንበቡ ይዋዥቃል፣ ስትኮረኩሙት ይስተካከላል። ባለቤቱም ሠራተኛው አታለለኝ ይላል። ለሲግናል የሚሆነው ኮንታክቱ ወርቅ የተለበጠ ነው። ይህን ወርቅ በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጉት ሳይ ውስጤ ያዝናል። ክፍት ሪሌይ ከሆነ ንጹሕ ወረቀት በኮንታክቱ መሀል ሳብ አድርጉበት፣ ይበቃል። የታሸገ ከሆነ ቀይሩት።

ታዲያ ከየት ይመጣል? ከአሮጌ ፋክስ፣ ከድሮ የስልክ ሞደም፣ ከመሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ካርድ። የስልክ ድምፅም ደካማ ሲግናል ስለሆነ እዚያ የምታገኟቸው ትንንሽ ባለ ሁለት ኮንታክት ሪሌዮች ብዙ ጊዜ ወርቅ ለበስ ናቸው። እኔ ከቁራሌው ጋር ወዳጅነት አለኝ፤ ስልክ ነክ ቦርድ ሲያገኙ ሳይሰባብሩ ያመጡልኛል። አዲስ አበባ ከሄዳችሁ ምናለሽ ተራን ሳታዩ አትመለሱ። ውጭ ያለ ዘመድ ከሆነ የሚያመጣላችሁ፣ ቁጥሩን እስከ መጨረሻዋ ፊደል ጽፋችሁ ላኩለት፤ አሥር ሪሌይ በኪስ ይመጣል።

ከአሮጌ ቦርድ የነቀላችሁትን ቀጭ ስላለ ብቻ አትመኑት። ቀጭታው ስለ ኮይሉ ይመሰክራል እንጂ ስለ ኮንታክቱ አይደለም። የተራ መልቲሜትር ገመድ ራሱ 0.2 ኦም ስለሚያሳይም በኦም መለካት አያዋጣም። በተዘጋው ኮንታክት 10 ሚሊአምፔር አሳልፉና በጫፎቹ ላይ ያለውን ሚሊቮልት አንብቡ። ደህና የሲግናል ሪሌይ ከ1 ሚሊቮልት በታች ያሳያል፤ 1 ሚሊቮልት ማለት 0.1 ኦም ነው። ከረንቱን አታብዙ፤ ኮንታክቱን ያጸዳውና ይሸውዳችኋል። ሃያ ጊዜ አብሩ፣ አጥፉ፣ በየጊዜው ጻፉ። አንዴ እንኳ ከዘለለ ጣሉት።

ልጅቷ ወረቀቱን ስትሞላ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። 178 ኦም፣ 28 ሚሊአምፔር፣ ላቺንግ ያልሆነ፣ ባለ ሁለት ኮንታክት፣ ፖላሪቲ ያለው። ከዚያ የፋክስ ቦርዶች ያሉበትን ካርቶን ሰጠኋት። አራት ነቀለች፤ ሁለቱ ሃያውን ፈተና አለፉ። የእግሩ አቀማመጥ ስላልገጠመ በቀጫጭን ሽቦ አጭር አጭር አድርጋ አገናኘችው። የሞተውን ስታወጣም እግሮቹን ቆርጣ አንድ በአንድ ነቀለቻቸው፤ ቦርዱ አንድ መስመር አልተላጠበትም።

ክዳኑን ከመግጠሟ በፊት ወረቀቱን አጥፌ ውስጥ እንድትለጥፈው ነገርኳት። የትኛው ሪሌይ እንደተቀየረ፣ ከምን ቦርድ እንደመጣ፣ ሽቦዎቹ ለምን እንደተጨመሩ፣ ቀኑም አለበት። ከአሥር ዓመት በኋላ ያን ዕቃ የሚከፍት ሰው ከናንተ አንዱ ሊሆን ይችላል።