ረጅሙን ቀርከሃ ከመትከልሽ በፊት ቦዩን ቆፍሪ

እህቴ፣ «ቨርጂኒያ ቤት ገዝተናል፤ ከጎረቤት የሚጋርደን ረጅም ቀርከሃ ብንተክል ጓሮውን ሁሉ ይይዝብን ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። ዝም ካልሽው አዎ፣ ይይዘዋል። ልጓም ካበጀሽለት ግን እንደሱ የሚያምር መጋረጃ አላውቅም።

ያደግኩት እንጅባራ አካባቢ ነው። ቀርከሃ የሌለበት ግቢ ባዶ ይመስለኛል። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ቤት እንደገባን መጀመሪያ የተከልኩትም እሱን ነው። እኛ አገር ቀርከሃ ሥራ አለው፤ ለአጥር፣ ለቤት፣ ለወንበር ሲቆረጥ ይከርማል። እዚህ ማን ይነካዋል? ዘሩም ሌላ ነው። እኔ የተከልኩት ቪቫክስ የሚባለው የቻይና ቀርከሃ ሥሩ መሬት ውስጥ አግድም ይሮጣል።

ሁለት ዓመት እርሳስ የሚያካክሉ ዘንጎች ብቻ አወጣ። በአራተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ ጎረቤቴ ጠሩኝ። ሣራቸው መሃል ሦስት ሹል ቡቃያ ብቅ ብሏል። አንዱን በአካፋ እየተከተልኩ ቆፈርኩ። አውራ ጣት የሚያክል ቢጫ ሥር ነው፤ በየአራት ጣቱ አንጓ፣ በየአንጓው ዓይን አለው። በአጥሩ ሥር አልፎ አምስት ሜትር ሄዷል። በጣም አፈርኩ። አሁን ደግሞ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ፌርፋክስ ካውንቲ ቀርከሃው ወደ ሰው ግቢ የተሻገረበትን ባለቤት ይቀጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሥሩን የሚያግድ ማገጃ ዙሪያውን ቦይ ቆፍረሽ ቅበሪ፣ ከዚያ ተክሉን ትከዪ። ከመቆፈርሽ በፊት 811 ደውይ፤ የጋዝና የመብራት መስመሩን በነጻ መጥተው ምልክት ያደርጉልሻል። ሥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ኢንች በታች አይወርድም፤ ቢሆንም ቦዩን 28 ኢንች አድርጊው። ቦዩ ውስጥ የምታቆሚው ማገጃ 30 ኢንች ስፋት ያለው ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን፤ 2 ኢንቹ ከመሬት በላይ ይቅር። አናቱን ትንሽ ወደ ውጭ አዘንብዪው፤ ሥሩ ሲነካው ወደ ላይ ይታጠፋል፣ አንቺም ታይዋለሽ። መገጣጠሚያው ላይ አትቸኩዪ። ጣት የምታስገባ ክፍተት ለሱ በር ናት።

መጀመሪያ ቀጭን ቢሆን አትዘኚ። አንዱ ዘንግ ከመሬት በወጣበት ውፍረት ይቀራል፤ ቁመቱንም በሁለት ወር ገደማ ይጨርሳል። እየወፈረ የሚመጣው የየዓመቱ አዲስ ቡቃያ ነው። በየመስከረሙ ዙሪያውን እዪና ከማገጃው በላይ የዘለለውን ሥር ቁረጪ። እኔ ግማሽ ቀን ይበቃኛል።

የምትጋርዱት ቦታ ስንት ጫማ እንደሆነ ጻፊልኝ፤ የሚያስፈልግሽን ማገጃ አብረን እናሰላለን።