ጥላ ወይስ ጽላሎት?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር «ፐርሶና 4» ለተባለው ጌም የአማርኛ መመሪያ እያዘጋጀን ነው። በስዊሱ የሥነ ልቦና ሊቅ በዩንግ ትምህርት ሰው ከራሱ የሚደብቀውን ማንነት «ጥላ» ብንለው ያስኬዳል? አንዱ ጓደኛችን «ጥላ» የመጣው «ጠላ» ከሚለው ግሥ ስለሆነ ልክ ነው ይላል። ጌሙ ውስጥ ያለውን የታሮት (የጥንቆላ ሥዕል ካርድ) አንዱን ካርድስ «ሞኝ» እንበለው ወይስ «ቂል»?

መልስ፦ የጓደኛችሁን ሐሳብ ከሌሎችም ሰምቼዋለሁ፤ ስሕተት ነው። «ጠላ» የግእዙ ጸልአ ነው፤ «ጥላ» ግን ጋረደ ከሚለው ከጸለለ ይወጣል። የግእዙ ጸ በአማርኛ ጠ ስለሚሆን (ጸጉር ጠጉር እንደሆነው) ተመሳሰሉ እንጂ አይዛመዱም። የዕብራይስጡ ጼልና የዓረብኛው ዚልም የጸለለ ወገን ናቸው። ድምፁም ይመሰክራል፦ «ጠላ» ላይ ለ ይጠብቃል፣ «ጥላ» ላይ ይላላል።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ጥላ በአማርኛ ሞገስና ከለላ ነው። የሚከበረውን ሰው «ጥላው ይከብዳል»፣ ግርማ ያጣውን «ጥላ ቢስ» እንላለን፤ ወላጅም ልጁን ጥላሁን ይለዋል። የጅማ ገበሬ ለቡናው ጥላ ዛፍ የሚያቆየው ፀሐይ እንዳይጎዳበት ነው። ኦሮምኛ እንኳ ማረፊያውን ጥላ ጋዲሳ፣ የገላን ጥላ ጋዲዱ ብሎ ለይቷቸዋል። ዩንግ (1875–1961) የሚለው ግን ሰው የእኔ አይደለም ብሎ የገፋውን የማንነቱን ክፍል ነው። በ2008 በወጣው በዚህ ጌም ገጸ ባሕርይው ዓይኑ ቢጫ የሆነውን አምሳያውን «አንተ እኔ አይደለህም» ሲለው አምሳያው አውሬ ይሆናል፤ ከተሸነፈ በኋላ ሲቀበለው ደግሞ ፐርሶና (በውጊያ የሚረዳው ኃይል) ሆኖ ያግዘዋል። እዚህ ላይ «ጥላው መጣ» ብትሉ አንባቢ ጠባቂው የመጣ ይመስለዋል።

ስለዚህ እኔ በግእዙ ቃል ጽላሎት እላለሁ። «ጽላሎተ ሞት»ን ሰምቶ ያደገ ጆሮ ጨለማውን ወዲያው ያገኘዋል። «በጽላሎተ ክነፊከ» (በክንፎችህ ጥላ) የሚለው መዝሙር ከለላን እንደሚያመለክትና በእኔ ላይ እንደሚመሰክር አውቃለሁ፤ ምርጫዬን ግን አልለውጥም። «ጥላ» በተጫዋቾች አፍ ከገባ ቆይቷል፣ ይህን መካድ አይቻልም። እሱኑ ከያዛችሁ መጀመሪያ በሚመጣበት ቦታ «የተካደ ጥላ» ብላችሁ ጻፉት።

ካርዱን ሞኝ በሉት። ቂል ነቀፋ አለበት፤ የካርዱ ሰው ግን ገና ያልተፈተነ መንገደኛ ነው። ቁጥሩ 0 ስለሆነ 22ቱን ታላላቅ ካርዶች በግእዝ አኃዝ አትቁጠሩ፤ የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም። ሞኙን ፩ ካላችሁት 13ኛው ሞት ወደ ፲፬ ይገፋል፣ የካርዶቹም ተራ ይፋለሳል።

ከቃሉ ምርጫ በላይ ደግሞ አንድ ቃል ላይ መጽናት ይጠቅማል። በጌሙ እያንዳንዱ ወዳጅና ፐርሶና የታሮት ካርድ አለው፣ ወዳጅነትም እስከ 10 ደረጃ ይወጣል፤ የወዳጁን ካርድ ዓይነት ፐርሶና ይዞ የሄደ ተጫዋች ቶሎ ያሳድገዋል። ዝርዝሩ ላይ «ብርታት»፣ ምክሩ ላይ «ኃይል» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ተጫዋቹ ሁለቱ አንድ ካርድ መሆናቸውን ስለማያውቅ ሌላ ፐርሶና ይዞ ይሄዳል፣ ወዳጅነቱም ይዘገይበታል።