«አባባ ምን ጎድሎት ነው ሰው ቤት የተቀጠረው?»

ውድ ጠያቂያችን፣ በ60 ዓመታቸው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጡረታ የተሰናበቱት አባትዎ፣ ሦስት ዓመት ቤት ከዋሉ በኋላ ልጆቻቸውን ሳያማክሩ ጅማ መርካቶ አካባቢ በሚገኝ የቡና መጋዘን ተቀጥረው የጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) ሚዛን መዝጋቢ መሆናቸው እንዳሳፈረዎት ጽፈዋል። «አባባ ምን ጎደለው? ሰውስ ጧሪ አጣ አይለንም ወይ?» ሲሉም ጠይቀዋል።

ለአባትዎ ማሰብዎን አልጠራጠርም። ነገር ግን ያደረጉላቸው ሁሉ በዝርዝር በሰፈረበት ደብዳቤ፣ እርሳቸው ስለ ሥራው የተናገሩት አንድም ቃል አላገኘሁም። እንደ ዋዛ ያለፉት ነገርም አለ፤ በመጀመሪያ ደመወዛቸው ስኳርና ዘይት ገዝተው ሲመጡ እርስዎ «ቤት ሞልቶ የለም ወይ?» ብለው የዕቃውን ዋጋ መልሰው ኪሳቸው ከተውላቸዋል።

ብዙ ጡረተኞችን ወደ ሥራ የሚመልሳቸው የኑሮ ውድነት መሆኑ እውነት ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ሲሆን ከዚያም ከ70 በመቶ አይበልጥም። ሆኖም ምንም ያልጎደለባቸውም ይመለሳሉ። የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን እንዳስተማረው፣ ሰው ከጎልማሳነቱ ጀምሮ ለተከታዩ ትውልድ የመትረፍ ብርቱ ፍላጎት አለው፤ ይህ ፍላጎት ደግሞ በ60 ዓመት አብሮ ጡረታ አይወጣም። ዕድሜ ልካቸውን ቤት ያቆሙ አባት ድንገት ተቀባይ ብቻ ሲሆኑ፣ የቤቱ አስቤዛም የቤቱ ውሳኔም ያለ እርሳቸው ሲያልቅ፣ በእንክብካቤ መካከል ተቀምጠው ለማንም እንደማያስፈልጉ ሊሰማቸው ይችላል። መጋዘኑ ውስጥ ግን ጠዋት ካልደረሱ ሚዛኑ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ያን ስኳርና ዘይት ሲያመጡ «ዛሬም ለዚህ ቤት እበቃለሁ» ያሉዎት ይመስለኛል፤ እርስዎም በደግነት «አያስፈልግም» አሏቸው። ሳያማክሩ የተቀጠሩትም ቢያማክሩ እንደሚከለከሉ ስለገመቱ ሳይሆን አይቀርም። የጎረቤት አፍ ያስጨንቃል፣ ይገባኛል፤ ነገር ግን የእርስዎን ይሉኝታ አባትዎ ሊከፍሉበት አይገባም።

ከቻሉ በሚቀጥለው ወር አባትዎ የሚያመጡትን ይቀበሉ፣ ይመርቁዎት። «መቼ ትተወዋለህ?» ከማለት «ዛሬ ሥራ እንዴት ነበር?» ቢሏቸው የተሻለ ወሬ ይከፈታል ብዬ አስባለሁ። የመጋዘን አቧራ ለሳል ሊዳርጋቸው ስለሚችልና ጆንያ ማንሳትም ለዕድሜያቸው ስለማይመከር፣ ስለ ጤናቸው በእርጋታ ማንሳቱ ተገቢ ነው። እንቅልፍ ወይም ምግብ እምቢ ካላቸው፣ ወይም ንግግራችሁ ሁልጊዜ በኩርፊያ የሚያልቅ ከሆነ፣ በደብዳቤ ከምንመላለስ ወንድሞችዎንም ይዘው፣ እርሳቸውም ከፈቀዱ አብረዋችሁ፣ በከተማችሁ ከሚገኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ብትነጋገሩ እመርጣለሁ። እስከዚያው ሥራውን እንዲተዉ አያስገድዷቸው።